ያላመመኝ እጅ

ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲያመው ነው። እኔ ግን መሄድ የነበረብኝ ሳያመኝ ሲቀር ነበር። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ያዩኝን ሐኪሞችም ግራ አጋብቷቸዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት እጁ ወይም እግሩ ላይ የደነዘዘ ቦታ ይዞ «ይተወኛል» እያለ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ አንብቦ ሲጨርስ ጫማውን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ነው። እኔ «ይተወኛል» ስል አምስት ወር አለፈኝ። የመጀመሪያውን ወር ያውም ደስ እያለኝ።

ጌታሁን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት አቃቂ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ብረታ ብረት ፋብሪካ ገብቼ ቶርኖ ላይ እሠራለሁ፤ ብረት በማሽን እየዞረ በስለት የሚላጥበት ሥራ ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገና ሰው እየገባበት ነበር፤ እኛም ዕጣ ይወጣልን ይሆናል እያልን ከድሮው ሐዲድ ጀርባ በኪራይ ቤት እንኖር ነበር። «እኛ» የምለው እኔንና ሚስቴን ምሥራቅን ነው። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ምሥራቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ትንሽ ኪዮስክ አላት፤ ለጠያቂዎች ሳሙና፣ ሶፍትና የምግብ ዕቃ ትሸጣለች። ሰልፍ የሰለቸው ሰው ስታጽናና ስለምትውል ትዕግሥቷ ከኔ በብዙ ይበልጣል።

እሑድ እሑድ ጠዋት ደግሞ ናንቻኩ እማር ነበር። ብትስቁ ግድ የለም፤ እናቴም ስቃለች። ናንቻኩ ማለት በሰንሰለት ወይም በገመድ የተያያዙ ሁለት አጫጭር ዱላዎች ናቸው። በፊልም ያየው ሰው ጠላት መምቻ ብቻ ይመስለዋል። እኛ የምንሠራው ግን ፍሪስታይል የሚባለውን ነው፤ በእጅ እያሽከረከሩ፣ በጣቶች ላይ እያንከባለሉ፣ ወደ ላይ ወርውረው እየቀለቡ የሚሠሩት ትርኢት። ማንንም አንመታም፤ ከራሳችን በቀር።

አሠልጣኛችን ከድር ይባላል። የስልጤ ልጅ ነው፤ አቃቂ ገበያ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለው። ከኔ ቢበልጥ በአምስት ዓመት ነው፤ ግን ሁላችንም «ማስተር» እንለዋለን። እንቅስቃሴዎቹን የሚያገኛቸው ሚሞሪ ካርድ ላይ ካስጫነው ቪዲዮ ነው። መቶ ጊዜ እያስቆመ ያይና፣ ደንበኛ ሲጠፋ ሱቁ ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ይለማመድና እሑድ ያመጣልናል። ስማቸውንም የሚያወጣው ራሱ ነው፤ ስምንት ቁጥር፣ ብብት፣ ጀርባ፣ ጥቅልል፣ ቅልብ። ጀርባ የሚባለው ዱላውን በወገብ በስተኋላ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ማሳለፍ ነው። ጥቅልል ደግሞ ዱላው የእጅን ጀርባ ዞሮ ተመልሶ መዳፍ ውስጥ የሚገባበት ነው። ለየብቻው ማንም ሰው በወር ይይዘዋል። ጣጣው ማያያዙ ላይ ነው።

«ለየብቻው ፊደል መቁጠር ነው» ይለናል ከድር። «ንባብ የሚሆነው ስታያይዘው ነው።»

እኔ ጀርባን ከጥቅልል ማያያዝ አቅቶኝ ግማሽ ዓመት ፊደል ስቆጥር ኖሬያለሁ። ከኋላ የተቀበልኩትን ዱላ ልጠቀልል ስል ይመጣና የትንሿን ጣቴን አንጓ ቋ ያደርጋታል። ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ስገባ ጓደኞቼ እጄን አይተው «ምሥራቅ ናት?» ይሉኛል። የቡድናችን ሰው ሁሉ እጁ ያበጠ ነበር። ከድር «ታገሡ፣ እጅ ይለምዳል፤ ሲጠነክር አይሰማችሁም» ይለናል፤ እኛም ያንን ቀን በጉጉት እንጠብቅ ነበር።

ልምምዱ ሁልጊዜ የሚያበቃው በቅብብል ነው። ክብ ሠርተን እንቆማለን። አንድ ናንቻኩ ብቻ ይገባል። እያንዳንዱ የቻለውን ያያይዝና፣ ዱላው ሳይቆም፣ በግራው ለቆመው ሰው ከእጁ ወደ እጁ ያቀብላል። ሳይወድቅ ክቡን ከዞረ ሻይ በከድር ነው። ይህችን ቅብብል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ እሑድ ጀርባን ከጥቅልል ሳያይዝ ዱላው እንደ ልማዱ መጥቶ ጣቴን መታኝ። ድምፁን ሁሉም ሰማው። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ ጠቀለልኩት፤ ወርውሬም ቀለብኩት። በዚያ ግማሽ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያያዘልኝ።

«አላመመህም?» አለኝ ከድር።

«አላመመኝም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ልጆቹን ጠራና እጄን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «እዩት፤ እጅ ማለት ይሄ ነው» አለ። አጨበጨቡልኝ። ቤት ገብቼ ለምሥራቅ ነገርኳት፤ «እስኪ ልቆንጥጥህ» ብላ ትንሿን ጣቴን ቆነጠጠችኝና እኔ ስስቅ እሷም ሳቀች።

ከዚያ ዱላው ከእጄ መውደቅ ጀመረ። ቅልብ ላይ ትንሿ ጣቴና ቀለበት ጣቴ አልዘጋ ይሉኛል፤ ዱላው በመሀላቸው ሾልኮ መሬት ይወርዳል። ሸሚዝ መቆለፍ ያስቸግረኝ ጀመር። ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ማሽኑን አጠፋሁ፤ ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ። የሚቃጠለው የኔ እጅ ነበር። ከቶርኖው የተፈናጠረ የጋለ የብረት ፍቅፋቂ በሁለቱ ጣቶቼ መካከል ተሰክቶ ቆዳዬን ይጠብሳል፤ እኔ ግን ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወሰደና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አለኝ። በአገራችን ይህን ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። መርፌውን ጨረስኩ፤ ጣቴ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው» አለኝ፤ ተውኩ። እናቴ ደግሞ «ጅማትህ ተላውሶ ነው» ብላ የታወቁ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ቅቤ ቀብተው ክርኔን ሲያሹት ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ገረመኝ፤ ጣቴ ላይ የጋለ ብረት ሲያርፍ ዝም ያለ እጅ ክርኑ ሲነካ ይጮኻል። ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ይጠይቀኛል ብላችሁ። ሦስተኛው ቦታ የአንገት ራጅ ተነሣሁና አንገቴ ነው ተባልኩ፤ ትራስ ተከለከልኩ።

ወረፋ መጠበቂያ ወንበር ላይ ስንት ቀን እንደዋልኩ አልቆጠርኩም። ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን፣ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና የሚል ሕዝብ። አንድ ጊዜ ደም ሰጥቼ ወጥቼ የግራ እጅጌዬን ቁልፍ በቀኝ እጄ ለመቆለፍ ስታገል፣ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ቆይተው «ና እስኪ ልጄ» አሉና ቆለፉልኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው የሌላውንም አስተካከሉልኝ። ምን ሆንክ አላሉኝም። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

በሽታውን ያገኘችው ምሥራቅ ናት ብል አላጋነንኩም። ከክርኔ ዝቅ ብሎ ነጣ ያለ ምልክት ነበረኝ፤ እኔ ቋቁቻ ብዬው ቅባት እቀባው ነበር። አንድ ቅዳሜ ውኃ አሙቃ ስታስታጥበኝ ያ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ይሄ ይፈጃል እኮ» አለችኝ። ለብ ያለ ነው አልኳት። ውኃውን በራሷ ክንድ ሞከረችውና ጣሳውን አስቀመጠች። ሰኞ ኪዮስኳን ሳትከፍት ይዛኝ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄደች።

እዚያ ያገኘናቸው ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ነርስ ናቸው፤ ሲስተር ዘውዴ እንበላቸው። ምን ሆንክ ሲሉኝ የለመድኩትን ደረደርኩላቸው፤ ታይፎይድ፣ ሪህ፣ አንገት።

«የተባልከውን አልጠየቅሁህም» አሉኝ። «ምን ይሰማሃል ነው ያልኩህ።»

«ምንም አይሰማኝም» አልኩ እንደ ቀልድ።

እሳቸው ግን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከጥጥ ላይ ትንሽ ቀንጥበው እንደ ክር አሾሉት። «ዓይንህን ጨፍን፤ የነካሁህን ቦታ በሌላው እጅህ አሳየኝ» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ወር ዓይንህን ጨፍን ያለኝ ሰው አልነበረም። ጨፈንኩ። የግራ እጄን ነኩ፤ አሳየሁ። የቀኝ አውራ ጣቴን ነኩ፤ አሳየሁ። ከዚያ ዝም አሉ። ጠበቅሁ። ኮሪደሩ ላይ ክትባት የተወጋ ሕፃን ያለቅሳል።

«ሲስተር፣ ይቀጥሉ እንጂ» አልኳቸው።

«ጨርሻለሁ ልጄ» አሉኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጥጧ ትንሿ ጣቴ ላይ ነበረች። ምሥራቅ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሲስተር ክርኔን በቀስታ ዳበሱና «እዚህ ያምሃል አይደል?» አሉ። በቆዳው ሥር ገመድ የመሰለ ነገር ነበር። ሐኪም እንዲያረጋግጠው የቆዳ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ወረቀት ጻፉልኝ። በሽታውን አልነገሩኝም፤ የቀጠሮውን ቀን ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሆስፒታል የሄድኩት ብቻዬን ነው፤ ምሥራቅን አንድ ቀን ከሥራ አስቀርቻታለሁ ብዬ እምቢ አልኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ነገረኝ። ሥጋ ደዌ ነው። ተሐዋሲው ቆዳንና ነርቭን ያጠቃል፤ ነርቭ ማለት ከጣት ወደ አንጎል ስሜት የሚያደርስ ክር ነው፤ የኔ ክርኔ ላይ አብጧል። መድኃኒት አለው፤ ስድስት ወር ይወሰዳል፤ በነፃ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወደ ሰው አይተላለፍም። እብጠቱን የሚያበርድ ሌላ ክኒን ይጨመርልሃል። ከዚህ ሁሉ የሰማሁት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፤ ሌላውን ወረቀት ላይ እንዲጽፍልኝ አድርጌ ነው ያወቅሁት። አንድ ነገር ጠየቅሁት።

«እጄ ይመለሳል?»

«በሽታው ይድናል፤ እሱን እርግጠኛ ሁን። ነርቩ ግን ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልህም» አለኝ። «ስድስት ወር ሳይሞላው መጥተሃል። ተስፋ አለ።»

ለቶርኖ ሠራተኛ እጁ እንጀራው ነው። ያውም የኔ ፍርሃት እንጀራው ብቻ አልነበረም። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ እጅጌዬን እስከ ጣቴ ጎትቼ ሂሳቡን በግራ እጄ ለወያላው ሰጠሁት። ሳሪስ ላይ ሰው ሲበዛ ወረድኩና ቃሊቲ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ምሥራቅ ለአንዲት ጠያቂ ሴትዮ ሳሙና እየሰጠች ነበር። ሴትዮዋ እስክትሄድ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ከዚያም ከመደርደሪያው ማዶ ሆኜ ነገርኳት። አልገባም አልኳት። እናትሽ ቤት ሄደሽ ትንሽ ብትቆዪ አልቀየምም አልኳት።

«መድኃኒት አለው?» አለችኝ።

«አለው።»

«ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው ምን ውጪ ይገትርሃል? ግባና ይሄን ሶፍት ደርድርልኝ።»

ገባሁና ደረደርኩላት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳሙናውን ታስተካክል ጀመር፤ አንዱን ሳሙና ብዙ ጊዜ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

ክትትሌ በሲስተር ዘውዴ ስለሆነ በሚቀጥለው ቀን እሳቸው ዘንድ ደርሼ ስመለስ ለራሴ ሳህን፣ ኩባያና ማንኪያ ገዝቼ ገባሁ። ሲስተር ዘውዴ አያስፈልግም ብለውኛል፤ ግን ልቤ አላመነም። ሦስት ቀን ለብቻዬ በላሁ። በአራተኛው ቀን ሳህኔን ባጣው ባጣው የለም።

«ሸጥኩት» አለችኝ። «ደንበኛ ጠይቆኝ ሰጠሁት፤ ኩባያውንም። ና ከዚህ ብላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው። ከሥራ ስንመለስ ደግሞ በሳፋ ውኃ ታቀርብና እጄን እንድነክር ታደርገኛለች፤ ቫዝሊን ትቀባኛለች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጠች የተቆረጠ፣ የተቃጠለ፣ የተላጠ ነገር ትፈልጋለች። እጄ የማይነግረኝን እሷ ትነግረኛለች። ክኒኑን በጀመርኩ ቀን ሽንቴ ቀይ ሆኖ ልሞት ነው ብዬ ስጮህ፣ «የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ሲስተር ነግረውህ አልነበር?» ብላ ያሳፈረችኝም እሷ ናት። የእብጠቱ ክኒን ፊቴን እንደ ዳቦ ነፋው። ጎረቤቶቻችን «ትዳር ተስማማው» አሉ፤ እኛም አላስተባበልንም።

የከበደኝ የእናቴ ነገር ነው። ለእህቴ ሽማግሌ ሊልኩ የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ጭኗን እየዳበሰች «ሰው ዘር ይጠይቃል ልጄ» አለችኝ። «የዚያን ቀን ባትመጣ ምናለ? እኔ ሥራ ገባ እላቸዋለሁ።» እሺ አልኳት። የእህቴ ሽማግሌዎች በመጡበት ቀን ፋብሪካ ቅጥር ግቢ ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በዚያ ሰሞን ከቶርኖ አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት መድበውኝ ስለነበር ሥራም አልነበረኝም። ጣቴ ያጣው ሕመም ሁሉ ያን ቀን ደረቴ ውስጥ ነበር። ይህን የምጽፈው እናቴን ለማሳጣት አይደለም፤ ራሷ አንብባልኛለች፣ «ጻፈው» ብላኛለች።

ወር ሲሞላ የሚቀጥለውን መድኃኒት ልወስድ ስሄድ እናቴ ሳልጠብቃት መጥታ አብራኝ ተሳፈረች። ሲስተር ዘውዴ ፊት ቀረበችና እየተርበተበተች «ዘር ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ጀርም ነው እማማ፤ ጀርም ዘር አይቆጥርም» አሏት። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አገላብጠው አሳዩዋት። «እኔ እንግዲህ በእነዚህ እጆች ዕድሜዬን ሙሉ የሥጋ ደዌ በሽተኞችን እጅ ስይዝ ነው የኖርኩት።»

እናቴ እጃቸውን ረጅም ጊዜ አየች። ስንወጣ አስፋልት ልታሻግረኝ እንደ ልጅነቴ እጄን ያዘች፤ ቀኙን። መንገዱን ከተሻገርን በኋላም አልለቀቀችኝም።

ናንቻኩውን ትቼው ነበር። እሑድ ሲመጣ አመመኝ እያልኩ እቀር ነበር፤ ምሥራቅ በቃሉ ትስቃለች። አንድ ቀን ከድር ራሱ ቤት መጣ። በር ላይ እንደቆመ ሁሉን ነገርኩት፣ እንዲሄድ ብዬ። አልሄደም። ጫማውን አውልቆ ገባና ተቀመጠ፤ ውኃ ጠየቀ፤ ጠጣ። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ያዞረው ጀመር።

«ያኔ አላመመኝም ስትል እኮ አስጨበጨብኩልህ» አለኝ በመጨረሻ። «ወላሂ በሽታ መሆኑን አላወቅሁም። አፉ በለኝ።»

«ማን ያውቃል? እኔ ራሴ አብሬ አጨብጭቤያለሁ» አልኩት።

ሳምንት ሳይቆይ ሱቁ ውስጥ በእጁ የሠራውን ይዞ መጣ፤ ከቀላል የፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ፣ በስፖንጅ የተጠቀለለ፣ በጫማ ክር የተያያዘ ናንቻኩ። ለሲስተር ዘውዴ ወስጄ አሳየኋቸው። አገላበጡት፣ እንደ መሳቅም አሉ። እንጨት እንዳልነካ አስጠነቀቁኝና «ጣት የሚያንቀሳቅስ ነገር ሁሉ መልካም ነው፤ ግን እያየህ» አሉኝ።

እያየህ ያሏት ነገር ቀላል አልነበረችም። ናንቻኩ የሚሠራው በስሜት ነው፤ ዱላው መዳፍህ ውስጥ መግባቱን እጅህ ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ ግማሹ እጄ ምንም አያውቅም። እንደገና ከስምንት ቁጥር ጀመርኩ፤ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፣ ዓይኔን ከጣቶቼ ሳልነቅል። ብብት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስምንት ቁጥርን ከብብት ሳያይዝ ምሥራቅ አልጋው ላይ ተቀምጣ እንደ ዳኛ ታየኝ ነበር። ጀርባ ላይ ስደርስ ግን ዓይን አይረዳም፤ ከኋላዬ ያለውን እንዴት ልይ? እሷ ከኋላዬ ቆማ «ይዘኸዋል» ወይም «አልያዝከውም» ትለኛለች። እንዲህ በሁለት ሰው ዓይንና በአንድ ተኩል እጅ ጀርባን ከጥቅልል አያያዝኩ። አንዳንድ ቀን ግን ዱላውን ወርውሬ አልጋው ላይ ተደፍቼ እውል ነበር፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ወደ ቡድኑ የተመለስኩ እሑድ በራሴ አፍ ነገርኳቸው። ከድር ልናገርልህ ብሎኝ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። አንዱ መድኃኒት መኖሩን ጠየቀ፣ ነገርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ልጆች ቀሩ፤ ከዚያ በኋላም አልመጡም፤ አልተቀየምኳቸውም ብል ውሸት ነው። የነገርኳቸው ቀን ቅብብል ስንጀምር በግራዬ ለመቆም ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከእጄ ላይ የሚያነሣው በግራዬ የቆመው ሰው ነዋ። ከድር ቦታውን ለቆ መጥቶ በግራዬ ቆመ። የስፖንጁን ናንቻኩ አሽከረከርኩና አቀበልኩት፤ እጄን ከነጣቴ ጨብጦ ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ በግራዬ ማን እንደሚቆም ግራ የገባው ሰው የለም።

አምስተኛው ወር ላይ ጣቴ በመጠኑ መዝጋት ጀመረች። ስሜቱ ግን የለም። ሲስተር ዘውዴ በየወሩ ዓይኔን ያስጨፍኑኛል፤ እኔም በየወሩ ጨርሻለሁ እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። ስድስተኛዋና የመጨረሻዋ የመድኃኒት ማሸጊያ ተጀምራለች፤ ሐኪሙ ያለኝም ተስፋ ከመድኃኒቱ ጋር እያለቀ መሰለኝ። ለምሥራቅ አልነገርኳትም እንጂ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ስለመኖር ማሰብ ጀምሬ ነበር።

አንድ እሑድ ክቡ ውስጥ ቆመናል። የናንቻኩው ስፖንጅ በአጠቃቀም ብዛት ከጫፉ ተልጦ ፕላስቲኩ ወጥቷል፤ ማናችንም አላየነውም። ከቀኜ ተቀበልኩ። ስምንት ቁጥር፣ ብብት፣ ጀርባ። ልጠቀልል ስል ዱላው እንደ ድሮው መጣና ትንሿን ጣቴን አንጓዋ ላይ ቋ አደረጋት።

ናንቻኩው ወደቀ። እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ አጎነበስኩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ከድር።

«አመመኝ» አልኩት።

አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። እጄን ያዘና «ዓይንህን ጨፍን» አለኝ። ጨፈንኩ። ቆይቶ አንድ ነገር፣ ሩቅ እንደሆነ ነገር፣ በስሱ ነካኝ። በግራ እጄ አሳየሁት። ሌላ ቦታ ነካኝ፤ አሳየሁት። ዓይኔን ስገልጥ ማስተር ከድር በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ምሥራቅ ጋ ደወልኩ። እሑድ የጠያቂ ቀን ስለሆነ ጫጫታው ይሰማኛል።

«ጣቴን አመመኝ» አልኳት።

«ትንሿን?»

«ትንሿን።»

«በጣም?»

«በጣም ነው የሚያመኝ ምሥራቅዬ።»

«እሰይ!» አለች። «እሰይ፣ የኔ ጌታ!»

ከኪዮስኩ ፊት የቆመች ደንበኛ «ምን ተገኘ እህቴ?» ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ።

«ባሌን ጣቱን አመመው» አለቻት።